ጉግል ላይ ስምንተኛ ከሆናችሁ ይህን አድርጉ

ሳይት ያለው ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ አለው። «ጉግል ላይ አንደኛ የምወጣው እንዴት ነው?» መልሱን የሚሸጥ ሰው ደግሞ ሞልቷል። «በአንድ ወር አንደኛ አደርግሃለሁ» ብሎ ቀብድ የሚቀበልም አይጠፋም። እኔ ዛሬ የማወራው ስለ ሌላው ቦታ ነው። ስለ ስድስተኛው፣ ስለ ስምንተኛው፣ አንዳንዴም ሁለተኛው ገጽ ላይ ስለመውጣት። አብዛኞቻችን ያለነው እዚያ ነው። እዚያ ተቀምጦ ደግሞ ብዙ ሥራ መሥራት ይቻላል፣ ገንዘብም ይገኛል።

ከሁሉ በፊት እውነቱን እንነጋገር። ብዙው ሰው የሚጫነው ከላይ ያሉትን ውጤቶች ነው። ታች ያለ ገጽ የሚያገኘው ጎብኚ ትንሽ ነው። ይህን የሚክድ ሰው ካጋጠማችሁ አትስሙት። ነገር ግን ቁጥሩን ለጊዜው ተዉትና ወደ ታች የሚወርደው ሰው ማን እንደሆነ አስቡ።

ምሳሌ ይዘን እንሂድ። ባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እንግዳ የሚወስድ አስጎብኚ አለ እንበል። ሁለት መኪና አለው፣ አንድ አነስተኛ ሳይት አለው። ፓርኩ በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል (ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው)። የፓርኩን ስም በእንግሊዝኛ ለሚፈልግ ሰው ከላይ የሚመጡለት እንደ ውክፔዲያ፣ እንደ ዩኔስኮ ያሉ ትልልቅ ሳይቶች ናቸው። የእኛ አስጎብኚ ስምንተኛ ወይም ዘጠነኛ ቢወጣ ይገርማል? አይገርምም። እነሱን በዚያ ቃል ለማሸነፍ የሚያወጣው ገንዘብና ጊዜም ተመልሶ አይመጣም።

መርካቶ ገበያ የወጣ ሰው አስቡ። ከፊት ካለው ሱቅ ዋጋ ጠይቆ፣ ሁለተኛውን አይቶ፣ ከዚያ ወደ ውስጥ የሚዘልቅ ደንበኛ የምሩን ሊገዛ ነው የመጣው። አራት አምስት ውጤት አልፎ እናንተ ጋ የደረሰ ሰውም እንደዚያው ነው። ውክፔዲያን አንብቦታል። ፓርኩ የት እንዳለ፣ ቀይ ቀበሮ እንዳለበት፣ ቱሉ ዲምቱ የሚባለው ተራራ 4,377 ሜትር ከፍታ እንዳለው ያውቃል። ያልተመለሰለት ሌላ ነው። ሳነቴ የሚባለው የፓርኩ አምባ ላይ ሌሊት ብርዱ ምን ያህል ነው? ከአዲስ አበባ በመኪና ስንት ሰዓት ይፈጃል? ልጅ ይዤ ብሄድስ? ከፓርኩ አጠገብ ካሉት ከተሞች ማደሪያው ዲንሾ ይሻላል ወይስ ጎባ? ይህን የሚጠይቅ ሰው የቤት ሥራ የሚሠራ ተማሪ አይደለም። ሻንጣውን በልቡ ማዘጋጀት ጀምሯል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ገጹን ሌሎቹን ላነበበ ሰው አድርጎ መጻፍ ነው። የአስጎብኚ ሳይቶቻችን ብዙዎቹ «የ13 ወር ፀሐይ ባለቤት የሆነችው ኢትዮጵያ» ብለው ይጀምራሉ። አንደኛ የሚወጣ ገጽ እንዲህ ቢጀምር ምንም ላይሆን ይችላል። ስምንተኛ ያለ ገጽ ግን እንዲህ ከጀመረ ሰውየው ያንኑ ነገር ለስድስተኛ ጊዜ ሊያነብ ነው፤ ይወጣል። ይልቅ እንዲህ ጀምሩ፦

«ሳነቴ አምባ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። በበጋ ሌሊት ውሃ በረዶ ይሆናል፤ ወፍራም ጃኬት፣ ጓንትና ኮፍያ ያዙ። ቀይ ቀበሮ የሚያድነው በቀን ስለሆነ ማታ መጠበቅ አያስፈልግም። ከጎባ ተነስቶ አምባውን አቋርጦ ወደ ሐረና ጫካ የሚወርደው መንገድ በመሀሉ ስለሚያልፍ፣ ብዙ መራመድ የማይችሉ ወላጆች ያሉት እንግዳም ከመኪና ሳይርቅ ብዙ ያያል።»

እነዚህ አራት ዓረፍተ ነገሮች መንገዱን የሚያውቅ ሰው የጻፋቸው መሆኑ ያስታውቃል። ትልልቆቹ ሳይቶች ይህን አይጽፉም፣ ምክንያቱም የጻፈው ሰው ጎባ አድሮ አያውቅም። የእናንተ ሀብት ይሄ ነው።

አሁን ወደ መሣሪያው እንግባ። «እኔ ስንተኛ ነኝ?» ብላችሁ የራሳችሁን ስልክ ከፍታችሁ ጉግል ላይ አትፈልጉ። ጉግል ያላችሁበትን ቦታና የፍለጋ ታሪካችሁን ስለሚያይ እናንተ የምታዩት ውጤት ፍራንክፈርት ያለው እንግዳ የሚያየው አይደለም። ትክክለኛውን የሚነግራችሁ ሰርች ኮንሶል ነው። የጉግል ነው፣ በነጻ ነው። ሳይቱ የእናንተ መሆኑን ካረጋገጣችሁ በኋላ «ፐርፎርማንስ» የሚለው ውስጥ ግቡ። ላይ አራት ሳጥን አለ፦ ስንት ጊዜ ተጫኑ፣ ስንት ጊዜ ታያችሁ፣ ከታያችሁበት ስንት በመቶው ተጫነ፣ አማካይ ደረጃችሁ ስንት ነው። አራቱንም አብሩ። ከዚያ ታች ያለውን የፍለጋ ቃላት ዝርዝር ብዙ ጊዜ በታያችሁበት ቅደም ተከተል ደርድሩትና ደረጃቸው ከ6 እስከ 20 የሆኑትን ብቻ ለዩ።

ያ ዝርዝር ወርቅ ነው። ለምን እንደሆነ ላስረዳ። አንደኛ የወጣችሁባቸው ቃላት የሚነግሯችሁ የምታውቁትን ነው። ስምንተኛና አሥራ አራተኛ የወጣችሁባቸው ግን ጉግል «ይሄ ገጽ ለዚህ ጥያቄ የሚሆን ይመስለኛል፣ ግን እርግጠኛ አይደለሁም» የሚልባቸው ናቸው። አንዳንዶቹን እናንተ አስባችሁባቸው እንኳ አታውቁም። ስለ ቀበሮ የጻፋችሁት ገጽ «ሳነቴን ያለ ፎርዊል መኪና» ለሚል ፍለጋ አሥራ ሁለተኛ ሆኖ ታገኙታላችሁ፤ ገጹ ላይ ስለ መኪና ያለው አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ናት። ሰው ጥያቄ ይዞ በራችሁ ላይ ቆሟል ማለት ነው። እናንተ ደግሞ መልሱን ታውቃላችሁ፣ አልጻፋችሁትም እንጂ።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። አማካይ ደረጃ ያታልላል። 10 ጊዜ ሦስተኛ፣ 10 ጊዜ ደግሞ አሥራ ሰባተኛ ብትወጡ አማካዩ 10 ነው፤ አሥረኛ ሆናችሁ የታያችሁበት ቀን ግን አንድም የለም። ስለዚህ ቃሉን ተጫኑና በአገር ለዩት፣ በስልክና በኮምፒውተር ለዩት። ብዙ ጊዜ ጀርመን ላይ ሦስተኛ፣ አሜሪካ ላይ አሥራ ሰባተኛ መሆናችሁን ታያላችሁ፤ ያን ጊዜ ለማን መጻፍ እንዳለባችሁ ይገባችኋል። ሁለተኛው፣ ሰውየው እስከ ታች ባይወርድም እንኳ ውጤታችሁ የከፈተው ገጽ ላይ ካለ እንደታያችሁ ይቆጠራል። «ሺህ ጊዜ ታይቼ አምስት ሰው ብቻ ጫነኝ፣ ሰው ጠላኝ» ብላችሁ ተስፋ አትቁረጡ። አብዛኛው ዓይኑም አላረፈባችሁም።

በአማርኛ የምትጽፉ ከሆነ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ሥራ አለባችሁ። አንዱ «ሐረና ጫካ» ብሎ ይፈልጋል፣ ሌላው «ሀረና»፣ ሌላው «ኀረና»፤ አንዳንዱ ደግሞ አማርኛውን በላቲን ፊደል ይጽፈዋል። ዝርዝሩ ላይ እነዚህ ሁሉ ለየብቻቸው ስለሚወጡ እያንዳንዳቸው ከቁም ነገር የማይገቡ ይመስላሉ፣ ሲደመሩ ግን አንድ ትልቅ ጥያቄ ይሆናሉ። ሰርች ኮንሶል ከ2021 ጀምሮ ሬጅኤክስ የሚባለውን ማጣሪያ ይቀበላል፤ በቅንፍ ውስጥ ከደረደራችኋቸው ፊደላት አንዱ ያለበትን ቃል ሁሉ ያወጣል። የፍለጋ ቃል ማጣሪያው ውስጥ «ከስተም» የሚለውን መርጣችሁ [ሀሐኀ]ረና ብላችሁ ብትጽፉ ሦስቱንም ባንዴ ያመጣላችኋል። ለፀሐይ [ፀጸ][ሐሀኀ]ይ ነው። ገጹ ላይ ግን የፊደል ዓይነት ሁሉ አትደርድሩ፤ አንባቢ ያስቸግራል። አንዱን መርጣችሁ በርዕሱም በጽሑፉም ያንኑ ተጠቀሙ፣ ሌላኛውን አንድ ቦታ ብቻ በተፈጥሮ አስገቡት።

የአማርኛው ነገር ሌላም ጥቅም አለው። በእንግሊዝኛ ስምንተኛ የሆነ ሰው ያንኑ እውቀት በአማርኛ በደንብ ቢጽፈው ተፎካካሪው በጣም ጥቂት ነው። ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ያለ ወገን ለልጆቹ አገር ሊያሳይ ሲያቅድ በአማርኛ የሚፈልግበት ጊዜ አለ። እሱም ደንበኛ ነው።

ቀጥሎ ርዕስ። ስምንተኛ የሆነ ሰው ርዕሱ አንደኛ ካለው ጋር አንድ ከሆነ የሚጫንበት ምክንያት የለም። የሚደረገው ቀላል ነው። የምትፈልጉትን ቃል በግል መስኮት ፈልጉ፣ ከእናንተ በላይ ያሉትን ርዕሶች በሙሉ ወረቀት ላይ ገልብጡ፣ ከዚያ ሁሉም የሚሉትን ቃል ቀይ አስምሩበት። «ምርጥ»፣ «የተሟላ መረጃ»፣ «ማወቅ ያለብዎት» የሚሉት ሁሉ ይሰመርባቸዋል። ያልተሰመረበት ነገር ካላችሁ ርዕሳችሁ እሱ ነው። «ባሌ ተራሮች ጉብኝት፣ ምርጥ አስጎብኚ» የሚለው ከሌሎቹ ጋር ይመሳሰላል። «ባሌ ተራሮች በ4 ቀን፦ ዋጋው፣ ብርዱ፣ መኪናው» የሚለው ግን ዓይን ይይዛል፣ ደግሞም እውነት ነው። ዋጋ መጻፍ የሚያስፈራችሁ ካላችሁ ስሙኝ፤ ታች ድረስ ወርዶ የመጣ ሰው ዋጋ ካላገኘ ተመልሶ ይሄዳል። ከዚህ እስከዚህ ብላችሁም ቢሆን ጻፉ። ርዕሱ ረጅም ከሆነ መጨረሻው ይቆረጣል፣ ዋናውን ነገር ፊት አድርጉት። ጉግል አንዳንዴ ርዕሱን በራሱ ይለውጠዋል፤ ያ ከሆነ ርዕሱና ገጹ አልተጣጣሙ ይሆናልና ገጹን ደግማችሁ እዩት።

ከዝቅተኛ ደረጃ ጥቅሞች ሁሉ እኔ የምወደው አንዱ ነጻነቱ ነው። አንደኛ የሆነ ሰው ገጹን መንካት ይፈራል። ኮማ ቢያስተካክል እንኳ «ብወርድስ?» ይላል። እናንተ የምታጡት የለም። ርዕስ ለውጡ፣ መግቢያውን ቆርጣችሁ ጣሉት፣ በስልካችሁ ያነሳችሁትን የመንገዱን ፎቶ አስገቡ፣ የጥያቄና መልስ ክፍል ጨምሩ። አንድ ደንብ ብቻ ጠብቁ፦ ባንዴ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ፣ ቀኑን ደብተር ላይ ጻፉ፣ ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ታገሱ። ሁሉንም ባንድ ሌሊት ከለወጣችሁ የትኛው እንደሠራ አታውቁትም። የገጹን አድራሻ ደግሞ አትንኩ። የግድ ከሆነ አሮጌው ወደ አዲሱ በቋሚነት እንዲመራ አስደርጉ፣ ያለዚያ እስካሁን ያገኛችሁትንም ታጣላችሁ።

«አንደኛ መሆን ይሻላል» የሚለው ሐሳብ ራሱ እንደ ድሮው አይደለም። ጉግል ከግንቦት 2024 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ በኤአይ የተዘጋጀ መልስ ከውጤቶቹ ሁሉ በላይ ማስቀመጥ ጀመረ፣ ከዚያም ወደ ሌሎች አገሮች አስፋፋው። «ቀይ ቀበሮ ምን ይበላል?» ብሎ ለጠየቀ ሰው መልሱ እዚያው ይሰጠዋል፤ አንደኛ የወጣው ገጽ ሳይከፈት ይቀራል። አጭር መልስ ያለው ጥያቄ ላይ አንደኛ ለመሆን የሚደረግ ሩጫ ትርፉ እየሳሳ ነው። ሰው አንብቦ፣ አነጻጽሮ፣ ገንዘብ ሊያወጣ የሚወስንባቸው ጥያቄዎች ግን በሁለት መስመር አያልቁም። ጉግል ራሱ በየቀኑ ከሚፈለጉት 15 በመቶው ከዚያ በፊት ተፈልጎ የማያውቅ ነው ይላል። ለእነዚህ የተዘጋጀ አንደኛ የለም። ገጻችሁ ውስጥ ያለው ዝርዝር ነው የሚያገናኛችሁ።

ሌላም አለ። ገቢያቸውን በሙሉ በአንድ ቃል አንደኛነት ላይ የሰቀሉ ሳይቶች ጉግል ደንቡን ሲለውጥ ባንድ ሳምንት ሲወድቁ ታይቷል። በ2011 ፓንዳ የተባለው ለውጥ ይዘታቸው ደካማ የሆኑትን መታ፣ በ2012 ፔንግዊን የተባለው ደግሞ ሌሎች ሳይቶች ወደ እነሱ እንዲጠቁሙ ሊንክ እየገዙ ወደ ላይ የወጡትን መታ፣ በ2022 ደግሞ ለሰው ሳይሆን ለፍለጋ ተብለው የተጻፉ ገጾችን የሚያወርድ ሥርዓት መጣ። በሠላሳ ትንንሽ ጥያቄዎች ስድስተኛና ዘጠነኛ እየወጣ ከየአቅጣጫው ሁለት ሁለት ሰው የሚያገኝ አስጎብኚ አንዱ ቢቀርበት ሌላው አለው። ስለዚህ «ሊንክ ልሽጥልህ» የሚል ሰው ሲደውል ስልኩን ዝጉት። ያ ገንዘብ ለአንድ ጥሩ ፎቶ አንሺ የሁለት ቀን አበል ይሆናል፤ የራሳችሁ ፎቶ በምስል ፍለጋም ሰው ያመጣል።

ጥቅሙን የምትለኩት እንዴት ነው? በጎብኚ ብዛት አትለኩት። በጥያቄ ብዛት ለኩት፣ ማለትም ደውሎ ወይም ጽፎ «ጥር ላይ ለአራት ሰው ቦታ አለ?» ባለው ሰው። ዘዴዋን ልንገራችሁ። ዋትስአፕ ላይ የሚወስድ ሊንክ ስታዘጋጁ አስቀድሞ የተጻፈ መልእክት ማስገባት ይቻላል። በየገጹ ሊንክ ላይ የተለያየ መልእክት አድርጉ። የሳነቴው ገጽ «ሰላም፣ ስለ ሳነቴ የመኪና ጉዞ ልጠይቅ ነበር» ይበል፣ የሐረናው «ሰላም፣ ስለ ሐረና ጫካ የእግር ጉዞ» ይበል። መልእክቱ ሲመጣ ሰውየው ከየት ገጽ እንደተነሳ ያለምንም ሶፍትዌር ታውቃላችሁ። ከወር በኋላ ቁጭ ብላችሁ ቁጠሩ። ብዙ ጎብኚ ያለው ገጽ አንድም ደንበኛ ሳያመጣ፣ አሥራ አንደኛ የወጣው ሦስት ቢያመጣ አትደንግጡ። ጊዜያችሁን ለዚያኛው ስጡት።

ይህ ሁሉ የማይሠራበት ቦታ አለ፤ ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። ሰው የድርጅታችሁን ስም ጽፎ ሲፈልግ አንደኛ ካልሆናችሁ ችግር ነው፣ ዛሬውኑ አስተካክሉት። ስማችሁ ሳይቱ ላይ፣ ጉግል ካርታ ላይና ፌስቡክ ላይ አንድ ዓይነት ተጽፎ እንደሆነ እዩ። አንዱ ጋ «ቱርስ»፣ ሌላው ጋ «ቱር ኤንድ ትራቭል» ከሆነ አስተካክሉት። ገጹ ጭራሹን የማይታይ ከሆነም ዝቅተኛ ደረጃ አይባልም፤ የለም ማለት ነው። ሰርች ኮንሶል ላይ ከላይ ባለው ሳጥን የገጹን አድራሻ ለጥፉና ጉግል መዝግቦት እንደሆነ ጠይቁት። አርባኛና ስድሳኛ የሆነውንም «ይጠቅመኛል» ብላችሁ ራሳችሁን አታጽናኑ። እዚያ ድረስ የሚወርድ ሰው የለም።

ወደ ላይ መግፋት የሚገባችሁ መቼ ነው? ጥያቄው ጠባብ ሲሆን፣ ደረጃችሁ ከ5 እስከ 12 ሲሆን፣ ዋትስአፑም ከዚያ ገጽ ሰው እየመጣ መሆኑን ሲናገር። ሦስቱ ከተገጣጠሙ ለዚያ ጥያቄ የራሱን ገጽ ጻፉለት። ከመጀመሪያ ገጻችሁና ከሌሎቹም ወደ እሱ ሊንክ አድርጉ፣ ሊንኩ ላይም «እዚህ ይጫኑ» ሳይሆን «ሳነቴን ያለ ፎርዊል መኪና ማየት» ብላችሁ ጻፉ። ዲንሾ አካባቢ ማደሪያ ያለው ወዳጅ ካላችሁ የእሱ ሳይት እንግዶቹን ወደዚያ ገጽ እንዲጠቁም ጠይቁት። ለእንግዶቹ ስለሚጠቅም እሺ ይላል። ትልልቆቹ ለእንዲህ ያለ ጥያቄ ብለው አይታገሏችሁም።

ጊዜውን ደግሞ አስሉት። ባሌ ደረቁ ወቅት ከኅዳር እስከ የካቲት ነው፣ ፈረንጅ ግን ጉዞውን የሚያቅደው ወራት ቀደም ብሎ ነው። ስለዚህ የማስተካከሉን ሥራ ክረምት ላይ፣ ስልክ ጭር ሲል ሥሩት። ሰርች ኮንሶል የ16 ወር መረጃ ስለሚይዝ ያለፈውን ዓመት ነሐሴ ከዘንድሮው ጋር ጎን ለጎን ማየት ትችላላችሁ። መረጃውን መሰብሰብ የሚጀምረው ግን ሳይታችሁን ካስመዘገባችሁበት ቀን ነው። ርዕሱም፣ ፎቶውም፣ አዲሱም ገጽ ይቆይ፤ ምዝገባውን ግን ዛሬ ማታ ጨርሱት።